ደጋፊው ተዋናይና ልጆቹ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በጉርድ ሾላ የቀረበ ንግግር)



በልጆች ቴሌቪዥን ስለሚሠራ ደጋፊ ተዋናይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፥ መጀመሪያ ጥሪው በስሕተት ወደ እኔ የመጣ መስሎኝ ነበር። ስለ ተውኔት ጥበብ ለመናገር የሚበቁ ሊቃውንት በመካከላችን ሞልተዋል። እኔ ግን በሙያው ከሠላሳ ዓመት በላይ ስኖር የመሪ ተዋናይነት ዕጣ የደረሰኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሁለቱም አንደኛው የደረሰኝ መሪው ተዋናይ ስለ ታመመ ነው። ኋላ ግን ጉባኤው የሚደረገው እዚሁ ጉርድ ሾላ መሆኑን ስሰማ ሐሳቤን ለወጥሁ፤ የምነግራችሁ ነገር የተፈጸመው ከዚህ አዳራሽ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ነውና።

የከተማችን ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ አንድ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። አንድ ማለዳ ከጉርድ ሾላ ጣቢያ ወደ መገናኛ ለመሄድ ቆሜ ሳለሁ፥ ዕድሜው ስድስት ዓመት የሚሆን ልጅ የእናቱን እጅ ይዞ ትኩር ብሎ ሲመለከተኝ አየሁ። ይህን አተያይ በልጆች ፕሮግራም የሠራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ትልቅ ሰው ተዋናይን መንገድ ላይ ሲያይ ከጓደኛው ጋር ይጠቋቆማል፥ ፈገግ ይላል፥ ወይም እንዳላየ ሆኖ ያልፋል፤ ልጅ ግን ቀጥ ብሎ ይመጣል። ይህም ልጅ የእናቱን እጅ ለቅቆ መጣና «ሱቁን ለምን ዘጋኸው?» አለኝ። እናቱ ደንግጣ፥ «አንተ! ጋሼን እንዲህ ነው የሚባለው? ለምን ዘጉት በል!» ብላ ተቆጣችው። ልጁም ታዘዘና «ሱቁን ለምን ዘጉት?» ሲል ጥያቄውን አርሞ ደገመው።

ለማታውቁኝ ለመግለጽ ያህል፥ በአንድ የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ለሁለት ዓመት ተኩል የሰፈር ባለ ሱቅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ታሪኩ የልጆቹና የአሻንጉሊቶቹ ነበር። የእኔ ድርሻ ከባንኮኒ ኋላ ቆሞ ስኳር መመዘን፥ ደብተርና ከረሜላ መሸጥ፥ ኳሳችን ወዴት እንደ ሄደ አይተዋል ወይ ስባል ደግሞ አላየሁም ማለት ነበር። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ ታይቼ አላውቅም። ከዚያም አንድ ቀን የሱቁ ትዕይንት ከእንግዲህ እንደማያስፈልግ በስልክ ተነገረኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ ሱቁ በነበረበት በኩል አልፈው ሲሄዱ ስለ ባለ ሱቁ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ባንኮኒውን ከጥቂት ወራት በኋላ ቀለሙ ተለውጦ በአንድ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ አየሁት፤ ያወቅሁት በግራ ጠርዙ ላይ በነበረው ስንጥቅ ነው።

እንግዲህ ለልጁ ምን ልበለው? «ዕቃ አልቆብኝ ነው» አልሁት። «ታዲያ ለምን አያመጡም?» አለኝ። በዚህ ጊዜ ባቡሩ ደረሰና ገላገለኝ፤ እናትየዋም ይቅርታ ጠይቃኝ ልጁን እየጎተተች ገባች። እኔ ግን ሆን ብዬ በዚያ ባቡር አልተሳፈርሁም፤ ተከታዩን ጠበቅሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በመድረክ ቋንቋችን ደጋፊ ተዋናይ የምንለው መሪውን ገጸ ባሕርይ የሚያጎላውን፥ ታሪኩን የሚያስተላልፈውን፥ ነገር ግን ታሪኩ ስለ እርሱ ያልሆነውን ሰው ነው። በአዋቂዎች ተውኔት ተመልካቹ ይህን ያውቃል። መልእክተኛው ደብዳቤውን ሰጥቶ ሲወጣ ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ማንም የለም። የአምስት ዓመት ልጅ ግን ይህን የማዕረግ ልዩነት አያውቀውም። ለእርሱ ባለ ሱቁ ባለ ሱቅ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅም ሱቁ ውስጥ ይቀራል፥ ማታ በሩን ይዘጋል፥ ጧት ይከፍታል። ደጋፊው ተዋናይ በልጆች ቴሌቪዥን የሚሸከመው ኃላፊነት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ክፍያችንና ልምምዳችን ግን ይህን ሲመዝኑ አላየሁም።

ሥራውም ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ከአሻንጉሊት ጋር የሚሠራ ተዋናይ ዓይኑን ከአሻንጉሊቱ ዓይን ላይ ማንሣት የለበትም። ከባንኮኒው ሥር ተጎንብሶ አሻንጉሊቱን የሚያንቀሳቅሰው ባልደረባችን ትከሻው ዝሎ ሲያቃስት ትሰማላችሁ፤ ዓይናችሁ ለአንዲት ቅጽበት ወደ ታች ከወረደ ግን በየቤቱ ያለው ልጅ አብሮ ወደ ታች ያያል፥ ያን ጊዜም አሻንጉሊቱ ይሞታል። ከሕፃናት ጋር መሥራትም የራሱ ዘዴ አለው። ሕፃን ተዋናይ አንድን ነገር በደንብ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሙከራ ላይ የሚያስታውሰውን ይደግማል፥ ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል። ስለዚህ ትልቁ ሰው ሕፃኑ በየትኛውም ጊዜ ቢያበራ አብሮት ለመገኘት ሁልጊዜ ዝግጁ መሆን አለበት። ከሁሉ የሚከብደው ግን ዝምታው ነው። ካሜራውን እያያችሁ «ኳሱ የት የገባ ይመስላችኋል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ፥ በየቤቱ ያለው ልጅ እስኪመልስ ድረስ ዝም ብላችሁ መቆየት አለባችሁ። ምንም ድምፅ በሌለበት ስቱዲዮ ውስጥ ያልሰማችሁትን መልስ እንደ ሰማችሁ ሆናችሁ ራሳችሁን መነቅነቅ አለባችሁ። ይህን ለማድረግ የሚያፍር ተዋናይ ብዙ አይቻለሁ። በመድረክ ላይ ንጉሥ ሆነው ሲያንጎራጉሩ የማያፍሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይሸበራሉ።

በአገራችን ይህን ዝምታ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ስለ ተስፋዬ ሣህሉ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሣው የልጆች ፕሮግራም መሪነታቸው ነው። እኔ ግን የእሳቸውን የሥራ ዘመን ከደጋፊ ተዋናይ ዓይን አንጻር ማየት እወዳለሁ፤ እሳቸው ለልጆች ምን እንደ ነበሩ የሚገባኝ በዚህ በኩል ሳየው ነውና።

በ1915 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር ከዱ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ወደ መድረክ በወጡበት ዘመን ሴቶች በተውኔት ላይ ስለማይሠሩ፥ የሴት ገጸ ባሕርያትን እየተጫወቱ ሠርተዋል። ይህን ነገር እንደ ቀልድ የሚያወሩት ሰዎች አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ቀሚስ ለብሶ፥ ሻሽ አስሮ፥ ድምፁን አቅጥኖ በሚስቅበት ሕዝብ ፊት የቆመ ወንድ፥ ስለ ክብሩ ሳይጨነቅ ለታሪኩ ማገልገልን ይማራል። ከዚያም የቃኘው ሻለቃ ጦር በኮርያ በዘመተበት ጊዜ ዘማቹን ለማዝናናት ወደዚያው ተጓዙ። በጦር ሜዳ ያለ ወታደር የሚያሳዝን ተመልካች ነው፤ ትርኢቱን የሚመለከተው ነገ በሕይወት ለመኖሩ እርግጠኛ ሳይሆን ነው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው፥ ሲከፈት ደግሞ በዚያ ከሠሩት የዘመኑ ተዋንያን አንዱ ሆኑ።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ስቱዲዮውም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም የመጣው በ1977 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ሃያ ዓመታት ውስጥ ተዋናዩ የሚተማመነው በድምፁ፥ በፊቱና በእጁ ላይ ብቻ ነበር፤ የቱንም ያህል ያሸበረቀ ልብስ ቢለብስ በየቤቱ ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። አባባ ተስፋዬ ለልጆች ተረት መንገር የጀመሩት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው፤ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስም ለ42 ዓመታት ያህል ዘለቁበት። ስሙ ሳይቀር ልብ ሊባል ይገባዋል። ልጆች «አቶ ተስፋዬ» ወይም «ጋሽ ተስፋዬ» አላሏቸውም፤ «አባባ» አሏቸው። አባባ የሚባል ሰው ቤት ውስጥ የሚገኝ ሰው ነው።

እሳቸው ፕሮግራሙን ይመሩ እንጂ በስቱዲዮው ውስጥ መሪ ተዋናይ አልነበሩም ብል ትስቁብኝ ይሆናል። እባካችሁ አስታውሱ። ሕፃናቱ ከፊታቸው ይቀመጣሉ። አንዱ ተነሥቶ ቀልድ ይነግራል፥ ሌላዋ እንቆቅልሽ ትጠይቃለች፥ ሦስተኛው የጀመረው ግጥም ይጠፋበትና መሐል ላይ ይቆማል። ትልቁ ተዋናይ በዚያች ሰዓት የሚሠሩትን ነው የምለው፤ ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። ግጥሙን አይሞሉለትም፥ አያፋጥኑትም፥ በልጁ ላይ አያስቁበትም። ልጁ ሲያስታውስ ከሁሉ በፊት የሚደሰቱት እሳቸው ናቸው። ያን ያህል ዘመን በመድረክ ያሳለፈ ተዋናይ ብርሃኑን ለአንድ ትምህርት ቤት ላልጨረሰ ልጅ ትቶ ከጎኑ ይቆማል። ደጋፊ ትወና ማለት ይህ ነው፤ እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አባባ ተስፋዬ በ94 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበሩ። በእሳቸው ዕረፍት ያለቀሱት ሽበት ያወጡ ሰዎች ናቸው። በባቡር ጣቢያው ከልጁ ጋር ከተነጋገርሁ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖኝ ስለ ነበር፥ ዜናውን ስሰማ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። ልጆች የሚወዱት ሰው ከዓይናቸው ሲሰወር ማን ነው የሚነግራቸው? እንዴትስ ነው የሚነገራቸው?

ይህን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሰጡ ሰዎች በሌላ አገር አሉና ታሪኩን ባጭሩ ላቅርብ። በአሜሪካ «ሰሰሚ ስትሪት» የተባለው የልጆች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር፥ በመንደሩ ጥግ ሱቅ የነበረው ሚስተር ሁፐር የሚባል ገጸ ባሕርይ ነበረ። አዎን፥ እርሱም ባለ ሱቅ ነው፤ ታሪኩን መጀመሪያ ስሰማ ለብቻዬ ስቄአለሁ። ሚናውን የተጫወተው ዊል ሊ የተባለ ተዋናይ ነው። ይህ ሰው የመድረክ ተዋናይና የትወና መምህር ነበር፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገሩ የፖለቲካ አደና በተስፋፋ ጊዜም ስሙ በጥቁር መዝገብ ገብቶ ከፊልምና ከቴሌቪዥን ሥራ ለዓመታት ታግዷል። ወደ ልጆች ቴሌቪዥን የመጣው ስድሳ ዓመት አልፎት ነው። ቢግ በርድ የሚባለው ትልቅ ቢጫ ወፍ የባለ ሱቁን ስም ዘወትር እያሳሳተ ይጠራው ነበር፤ ባለ ሱቁም ዘወትር እየተነጫነጨ ያርመዋል። የነበረው ይኸው ነው። በዚህ ትንሽ ነገር ነበር የአንድ አገር ልጆች የወደዱት።

ዊል ሊ በታኅሣሥ ወር 1982 እ.ኤ.አ. ሞተ። አዘጋጆቹ ሌላ ሰው ተክተው መቀጠል ይችሉ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ሩቅ አገር ሄደ ብለው ማሳለፍም ይችሉ ነበር፤ እኔ ዕቃ አለቀብኝ እንዳልሁት ማለቴ ነው። ነገሩን ከልጆች ሥነ ልቡና ሊቃውንት ጋር ከተመካከሩበት በኋላ ግን እውነቱን ለመናገር ወሰኑ። ፕሮግራሙ የተላለፈው በኅዳር 1983 እ.ኤ.አ. በምስጋና በዓላቸው ዕለት ነው፤ ቀኑ የተመረጠውም ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር በቤት ስለሚውሉና ልጆቹ ለሚጠይቁት ለመመለስ ስለሚችሉ ነው። በዚያ ፕሮግራም ላይ ወፉ የጓደኞቹን ምስል ሥሎ ለያንዳንዳቸው ያድላል፤ የሚስተር ሁፐርን ሥዕል ግን የሚሰጠው ሰው ያጣል። ትልልቆቹ ሰዎች ሞቷል፥ አይመለስም ብለው ቀስ አድርገው ይነግሩታል። በወፉ ውስጥ ሆኖ የሚጫወተው ካሮል ስፒኒ ነበር፤ ሥዕሎቹንም የሣለው ራሱ ነው። ዙሪያውን የቆሙት ተዋንያን የሚያለቅሱት ስለ ገጸ ባሕርዩ ብቻ እንዳልሆነ ያን ፊልም ያየ ሁሉ ያውቃል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ያ ክብር የተሰጠው በፕሮግራሙ ውስጥ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ለነበረ ሰው ነው። አዘጋጆቹ የለኩት በሚና ርዝመት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይደክሙም ነበር። በዚያው አገር በሌላ የልጆች ፕሮግራም ላይ ፍራንስዋ ክሌመንስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ የፖሊስ ሚና ነበረው። በ1969 እ.ኤ.አ. በአንድ ትዕይንት ከፕሮግራሙ መሪ ከፍሬድ ሮጀርስ ጋር በአንዲት ትንሽ የውኃ ገንዳ ውስጥ እግራቸውን አብረው ነከሩ፤ ጥቁሮች ከነጮች ጋር በአንድ መዋኛ እንዳይገቡ በብዙ ስፍራ ይከለከሉ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ለአንድ ደጋፊ ተዋናይ የሁለት ደቂቃ ሥራ ይህን ያህል ሊከብድ ይችላል።

ወደ አገራችን ልመለስ። ባለፉት ሃያ ዓመታት የልጆች ፕሮግራም ሥራ መስፋፋቱን ማንም አይክድም። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤዘንሃውዘር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚል ስም ያዘጋጁት የአሻንጉሊት ፕሮግራም አንዲት ቀጭኔን በየቤቱ አስተዋውቋል፤ ብሩክታዊት ራሷም ለቀጭኔዋ ድምፅ ሆናለች። ጣቢያዎች በርክተዋል። ነገር ግን በነዚህ ሥራዎች ውስጥ የሚያልፉት ደጋፊ ተዋንያን፥ የአሻንጉሊት አንቀሳቃሾችና የድምፅ ሰጪዎች ማኅበራችን መዝገብ ላይ በየትኛው ረድፍ እንደሚሰፍሩ ብትጠይቁኝ፥ እኔ ራሴ የአባልነት ቅጹን ስሞላ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር መግባቴን እነግራችኋለሁ። በዚያው ቦታ ላይ የመብራት ሠራተኛና የፀጉር ባለሙያ ወዳጆቼ አብረውኝ አሉ፤ ጥሩ ጎረቤቶች ናቸውና ስለ እነርሱ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። እኛ በቀን ሒሳብ እንጠራለን፥ በቀን ሒሳብ እንሰናበታለን። ይህ በሙያችን ያለ ነገር ነውና ስለ ገንዘቡ ዛሬ አልናገርም፤ ስለ እርሱ የሚናገሩ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ተመድበዋል። የምጠይቀው ግን ለልጆች የተዋወቀ ማንኛውም ገጸ ባሕርይ፥ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፥ ከፕሮግራሙ ሲወጣ የመሰናበቻ ትዕይንት እንዲጻፍለት በውላችን ውስጥ እንዲገባ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ባለ ሱቁ ወደ እናቱ አገር ሊሄድ ነው ይባል፤ ቁልፉን ለልጆቹ ያሳይ፥ የተረፈውን ከረሜላ ያድል፥ ደኅና ሁኑ ይበል። ለዚህ የሚወጣው ወጪ የግማሽ ቀን ቀረጻ ነው። ተዋናዩ ለመቅረጽ የማይችል ቢሆን እንኳ የቀሩት ገጸ ባሕርያት ስለ እርሱ ይነጋገሩ። ደራስያን ባልደረቦቻችን ይህን ለመጻፍ እንደማይቸገሩ አውቃለሁ፤ እስካሁንም ያልጻፉት ማንም ስላልጠየቃቸው ይመስለኛል።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳብ ስነግረው፥ «ልጆች ይረሳሉ፥ አንተ ነህ ያልረሳኸው» አለኝ። ከፊሉ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ተዋናይ የሆነ ሰው ሲረሳ ይከፋዋል፤ እኔም ከዚህ ነጻ ነኝ አልልም። ነገር ግን ያ ልጅ ፕሮግራሙ ከተቋረጠበት ብዙ ወራት በኋላ በጠዋት ግርግር መካከል፥ ያለ ሽርጤና ያለ ቆቤ አውቆኝ፥ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ ወደ ሱቁ ጉዳይ የገባ ልጅ ነው። የረሳ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ልጁን ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም። ቤቴ ግን አሁንም እዚሁ ስለሆነ ጣቢያው ላይ በቆምሁ ቁጥር ዙሪያዬን እመለከታለሁ። አሁን በቁመት ሳይበልጠኝ አይቀርም፤ ድምፁም ጎርንኖ ይሆናል። ባገኘው ሱቁን የዘጋሁት እኔ እንዳልሆንሁ እነግረዋለሁ፤ ያን ዕለት ስለ ዋሸሁትም ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።